ትንሽ የቦዲ ጉዳት ደሴ ላይ ያለ ብዙ ወጪ እንዴት ይጠገናል? ጥያቄውና የተሰጡት መልሶች

የመነሻው ጥያቄ

ብርማ ቀለም ያላት ኮሮላ አለችኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር ቆማ ሳለ ባጃጅ ታክኳት አለፈና የግራ የኋላ በሯ መዳፍ በሚያህል ስፋት ወደ ውስጥ ገባ፤ የኋላ ፓራፋንጎዋ (ከጎማው በላይ ያለው የጎን ላሜራ) ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት ተሰመረ፤ የኋላ ፓራውልቷም (የፕላስቲክ መከላከያዋ) ከማዕዘኑ ተሰነጠቀ። ጭረቱ በአብዛኛው ላይ ላዩን ቢሆንም፣ በጎማው በኩል ባለው ጫፉ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ቀለሙ ተልጧል። በሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ መብራቱና ፍሬቻውም ደህና ናቸው።

ያነጋገርኳቸው ጋራዦች የሰጡኝ መልስ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ የግራው ጎን ከፊት እስከ ኋላ በስቱኮ (ጎድጓዳ በሚሞላ ሊጥ መሰል መለጠፊያ) ተስተካክሎ ሙሉ በሙሉ ይቀባ፣ ፓራውልቱም በሌላ ይቀየር የሚል ነው። የጠየቁት ገንዘብ እንደ እኔ ላለ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። እኔ ይህ ሁሉ ሥራ ለዚህ ጉዳት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ከማያስፈልገው ተለይቶ ቢሠራ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል የሚል እምነት አለኝ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ ያላችሁ፣ የትኛው ጉዳት አስቸኳይ እንደሆነ፣ የትኛው መቆየት እንደሚችልና ሥራውን ከፋፍሎ ማሠራት ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመልሶቹ ሂደት

መልሶቹ ብዙ ስለሆኑና አንዱ የሌላውን ስለሚያነሣ፣ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አስፍሬአቸዋለሁ። የተጠቀሱትን የብር መጠኖች ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ፤ የመኪና ቀለም፣ ማድረቂያውና ቲነሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ወቅት ዋጋ ለሌላው ወቅት መለኪያ መሆኑ ቀርቷል።

መልስ 1 የሐይቅ ከተማ መምህር የሆኑ ሰው የሰጡት ነው። እንደ አገሩ ወግ በቅድሚያ እንኳን ሰው አልተጎዳ ብለው፣ ከማንኛውም ጋራዥ በፊት ባለቤቱ ራሱ ጉዳቱን እንዲመረምር መከሩ። ጭረቱን በጥፍር አቋርጦ መዳሰስ በቂ እንደሆነ ያስረዳሉ፦ ጥፍር ካልያዘው የተጎዳው የላይኛው ግልጽ ሽፋን፣ ማለትም ክሊሩ ብቻ ስለሆነ በኮምፓውንድ (በማለስለሻ ቅባት) ታሽቶ ይጠፋል፤ ጥፍር ከያዘውና ውስጡ ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ከሆነ ቀለሙ አልቆ የመሠረት ቀለሙ ታይቷል ማለት ነው፤ ብረት ካበራ ግን ጉዳዩ የመልክ መሆኑ ቀርቶ የዝገት ሆኗል። ምክራቸውን ተቀብዬ ስመረምር ከጭረቱ አብዛኛው ጥፍሬን አልያዘውም። ጋራዦቹ ሙሉ ጎን ይቀባ ያሉት ከዚህ ምርመራ በኋላ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር ማወቅ እወድ ነበር፤ አንዳቸውም ጭረቱን በእጁ አልዳሰሰውም።

መልስ 2 አጭር ነው። መኪና የሚፈለገው ለመንገድ እንጂ ለታይታ አይደለምና ምንም ሳይነካ እንዲሁ እንድነዳት፣ ሌላ ባጃጅ ነገ ደግሞ እንደሚልጣት የሚያሳስብ ነው።

መልስ 3 ከክሩ፣ ማለትም ከዚህ የመልሶች ሰንሰለት ሁሉ ረጅሙና እጅግ የጠቀመኝ ነው። የሰጡት ኮምቦልቻ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በባትላሜራነት፣ ማለትም የመኪና ላሜራ በማቃናት የሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ መልስ 2ን በግማሽ ብቻ ተቀበሉት። የበሩ ስርጉድ ቀለሙ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ዓመትም ቢቆይ አይብስበትም፤ ብረቱ የታየው ቦታ ግን አንድ ክረምት እንኳ ሊቆይ አይገባውም አሉ። የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን በሚያለብስበት ወቅት የተጋለጠ ብረት ለመዝገት ቀናት እንደሚበቁት፣ ዝገቱም በታየበት ስፍራ ሳይወሰን ደህና በሚመስለው ቀለም ሥር እየተሳበ እንደሚሄድና በኋላ ቀለሙን ከሥሩ አሳብጦ እንደሚያነሣው ገለጹ። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥር ቅድሚያው የጎማው አካባቢ ነው።

ስለ በሩ ሲናገሩ ደግሞ ሥራውን እያየሁት እስኪመስለኝ ድረስ ዘረዘሩት። የበሩ የውስጥ ሽፋን በጥንቃቄ ይነቀላል፤ ከኋላው እጅና ጫፉ የደነዘዘ ብረት የሚገባበት ክፍተት ይፈለጋል፤ ላሜራው የሚገፋው ከስርጉዱ መሐል ሳይሆን ከዳር ተጀምሮ እየዞሩ ወደ መሐል ነው። የዛሬ መኪና የበር ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ፣ መሐሉን በመዶሻ የመታ ሰው ብረቱን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ብረት ደግሞ ተመልሶ በቦታው አይተኛም፤ ሲጫኑት ወደ ውስጥ፣ ሲለቁት ወደ ውጭ እያለ ይንቋቋል። ያኔ መድኃኒቱ ስቱኮ ይሆናል፤ ስቱኮ ካለ ቀለም አለ፤ ቀለም ካለ ደግሞ ቀለሙ እንዲመሳሰል የጎረቤቱን ላሜራ መንካት ይመጣል። በእርሳቸው አነጋገር የወጪው ሁሉ መነሻ ያ የመጀመሪያው ጥድፊያ ነው። የእኔ በር ቀለሙ ስላልተሰነጠቀ፣ ታጋሽ እጅ ካገኘ ያለ ስቱኮና ያለ ቀለም ሊወጣ ይችላል ብለው ገመቱ፤ ሆኖም ሳያዩት ዋስትና እንደማይሰጡ ጨመሩ። ይህን ማለታቸው እምነቴን አጠነከረው።

መልስ 4 እና 5 ስለ ፓራውልቱ የመጡ ናቸው። አንደኛው ሰው ፓራውልቱ ከገባ ነቅሎ የፈላ ውሃ ማፍሰስና ከውስጥ በእጅ መግፋት እንደሚበቃ፣ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ እንደሚወድ ጻፈ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእኔው ተሰንጥቋል እንጂ አልገባም። ሁለተኛው፣ የወልድያ ሚኒባስ ባለቤት፣ የዶልፊኑን ፓራውልት ከቢጫ ጀሪካን በተቆረጠ ፕላስቲክ በጋለ ብረት አስበይዶ እንደነበር፣ ከወልድያ መርሳ ሳይደርስ እንደተገነጠለበት ነገረንና ጥፋቱን በብየዳው ሠራተኛ ላይ ጣለ።

መልስ 6 ሠራተኛውን ነፃ አወጣው። ጸሐፊዋ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ናት። ጀሪካን የሚሠራው ከፖሊኢትሊን፣ አብዛኛው ፓራውልት ደግሞ ከፖሊፕሮፒሊን እንደሆነ፣ ሁለቱ አብረው ቢቀልጡም እንደማይዋሐዱ፣ ሲቀዘቅዙ ላይ ላዩን የተያያዙ መስለው በመጀመሪያው ንቅናቄ እንደሚለያዩ አስረዳች። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ፓራውልቱ በውስጥ ገጹ ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት በሁለት ሦስት ፊደል ታትሞበታል፤ ያው ምልክት ካለበት አሮጌ ስብርባሪ ፓራውልት ቀጫጭን ቁራጭ ወስዶ በእርሱ ማስበየድ፣ ከውስጥ በኩልም ቀጭን የሽቦ መረብ በሙቀት ቀብሮ ማጠንከር። እንዲህ የተበየደ ማዕዘን ከአዲስ ፓራውልት ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚኒባሱ ባለቤት በመልስ 7 ልጄ ተባረኪ ብሎ፣ ሠራተኛውን በስልክ ይቅርታ እንደጠየቀ አሳወቀን።

በመልስ 8 ውይይቱ ወደ ሕጉ ዞረ። በኢንሹራንስ ሥራ ላይ የቆየ የደሴ ሰው፣ ከሁሉ በፊት ጥገናውን ማን ይክፈል የሚለው ለምን እንዳልተነሣ ጠየቀ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት እንደማይችል፣ ይህ መድን ለሞትና ለአካል ጉዳት ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳትም በተወሰነ ጣሪያ እንደሚከፍል አስታወሰ። የእኔ የሦስተኛ ወገን መድን የራሴን መኪና አያስጠግንም፤ የባጃጁ ግን የእኔን ያስጠግናል። በተግባር የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ስለሚጠየቅ፣ መኪናዋ ከመነካቷ በፊት ጉዳቱ መመዝገብ ነበረበት። ሙሉ ዋስትና ያላቸው ሰዎችም በፖሊሲው ላይ በራሳቸው የሚሸፍኑትን ድርሻ እንዲያዩ መከረ፤ የጥገናው ወጪ ከዚያ ድርሻ ካልበለጠ ካሳ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው፣ ቢበልጥም እንኳ ካሳ ባለመጠየቅ የሚገኘውን የዓረቦን ቅናሽ ሊያሳጣ ይችላል።

መልስ 9 ይህን በጽኑ ተቃወመ። አዛውንት መሆናቸውን ከአጻጻፋቸው የተረዳሁት የኩታበር ሰው፣ ለመዳፍ ለማትሞላ ጉዳት የድሃ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ማቆም የወሎ ልማድ እንዳልሆነ፣ ባጃጁ የእርሱ ሳይሆን በቀን ገቢ የሚያስገባበት የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ፊት ቡና ተጠጥቶ በይቅርታ የሚያልቅ እንደነበር ጻፉ። መልስ 10 ላይ የኢንሹራንሱ ባለሙያ አባቴ እያለ በአክብሮት መለሰላቸው፦ ይቅርታው እንዳለ ሆኖ፣ የባጃጁ ባለቤት ዓረቦኑን አስቀድሞ ከፍሏል፤ ካሳው የሚወጣው ከመድን ድርጅቱ እንጂ ከልጁ ኪስ ስላልሆነ፣ ሰውን ሳይጎዱ መብትን መጠየቅ ይቻላል አለ። እኔ በበኩሌ ልጁን ወዲያው ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሪፖርትም አልተያዘም። የአዛውንቱ ቃል ልቤን ነክቶታል፤ የባለሙያው ሐሳብ ግን ለሌላው አንባቢ እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ ሳላሳጥር አስፍሬዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋነት በመልስ 11 ተቋረጠ። አንድ ባለ ቪትዝ፣ የደሴ ጋራዦች ሁሉ ያው ናቸው፣ ብረት ማቃናት ትተው ስቱኮ ይጠቀጥቃሉ ሲል ጀመረ። በመኪናው ኮፈን ላይ በዓመቱ እንደ ቅርፊት የተነሣውን ስቱኮ ፎቶ አንሥቶ አያይዟል፤ ውፍረቱ የጣት ግማሽ ያህላል፣ ሥሩም ቀይ ዝገት ነው። ሁሉም ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዞ እንዲዞር መከረ፤ ማግኔቱ በደህናው ብረት ላይ እንደሚጣበቅ፣ ስቱኮ በወፈረበት ግን እንደሚንሸራተት ነገረን። የማግኔቱ ምክር ትክክል ነው፣ ለብረት ላሜራ ብቻ እንደሚሠራ ግን ልብ ይሏል። ሁሉም ጋራዥ ሌባ ነው ማለቱ ትክክል አይደለም፤ ይህን ያልኩት እኔ ብቻም አይደለሁም።

በመልስ 12 የኮምቦልቻው ባትላሜራ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ቃላቸው የመረረ ነበር። ስቱኮ ወንጀል አለመሆኑን፣ ማንም ላሜራ በመዶሻ ብቻ እንደ መስታወት እንደማይለሰልስ፣ ብረቱ በሚገባ ከተቃና በኋላ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በስስ የሚለጠፍ ስቱኮ ከመኪናው ጋር እንደሚያረጅ ተናገሩ። ባለ ቪትዙ በሁለት ቀን ይለቅልኝ፣ በርካሽ ይሁንልኝ ብሎ ሠራተኛውን አጣድፎ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ አሉት። ብረት ማቃናት የሰዓታት ሥራ ነው፣ ስቱኮ መለጠፍ የደቂቃዎች፤ ደንበኛው የሰዓታቱን ዋጋ አልከፍልም ካለ ሠራተኛው የደቂቃዎቹን ይሰጠዋል። አያይዘውም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት በ2014 ዓ.ም. ኮምፕሬሰራቸውንና የብየዳ መሣሪያቸውን አጥተው ሥራውን ከባዶ እጅ እንደ ጀመሩ፣ ይህንንም የሚጽፉት ለመታዘን ሳይሆን የእጅ ሥራ ዋጋ ከምን እንደሚመጣ ለማስረዳት እንደሆነ ገለጹ። ባለ ቪትዙ በመልስ 13 ስለ መሣሪያቸው ማዘኑን ገልጾ ስለ ኮፈኑ ግን ከቃሉ ፍንክች አላለም፤ ማጣደፉን አልካደም።

መልስ 14 ከዚህ ፍጥጫ ወጣ ያለች፣ ነገር ግን ክሩ ውስጥ መኖሯ ያስደሰተኝ ናት። ደሴ ውስጥ በነርስነት የምታገለግል እህት፣ ስለ ርካሽ ዋጋ ስንነጋገር ርካሽነቱ ከማን እንደሚቀነስ አሰብን ወይ ስትል ጠየቀች። በሁለት ተቀይጦ የሚደርቀው ክሊርና ቀለም ማድረቂያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ይህም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም በዓለም ዙሪያ በደንብ ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ እንደሆነ፣ ወጣት ረዳቶች ግን አፍንጫቸውን በሻሽ ብቻ አስረው በተዘጋ ክፍል ሲረጩ እንደሚታዩ ጻፈች። ጨርቅ አቧራን እንጂ ትነትን አይከለክልም፤ የሚያስፈልገው የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ ከተቻለም ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀብል ጭንብል ነው። ጋራዥ ስንመርጥ ቀቢው ምን እንደ ለበሰ እንድናይ አሳሰበች። እኔ ከዚህ ወዲህ ይህን ሳላይ ዋጋ አልጠይቅም። የባትላሜራው ሰውም በመልስ 15 እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ ሲሉ አመሰገኗት።

ከመልስ 16 እስከ 18 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የድሮዋ ዲኤክስ ላሜራ እንዴት ወፍራም እንደነበረ አወሳ፤ ሌላው የሐረጎን ጠመዝማዛ በጉም ሲወርድ በአይሱዙ ስለ ደረሰበት መታከክ ተረከ፤ ሦስተኛው ለሁለቱም ሳቀላቸው። ወደ ቀለሙ ጉዳይ እንመለስ ብዬ በመልስ 19 ለመንኩ።

የመለሰልኝ፣ በመልስ 20፣ ደሴ ውስጥ መኪና በመቀባት የሚተዳደር ወጣት ነው፤ ጽሑፉም ለባለ ብርማ መኪና ሁሉ የሚጠቅም ነው። በመጀመሪያ የቀለሙ ኮድ መታወቅ አለበት፤ በቶዮታ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ብዙ ነጭ ቶዮታዎች 040 ናቸው፤ እርሱ ብልጭታ የሌለበት ነጭ ስለሆነ ሲያስመስሉት አያስቸግርም። 1F7 የሚባለው ብርማ ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፤ ብናኙ እንደ አረጫጨቱ፣ እንደ ቲነሩ መጠንና እንደ አየሩ እርጥበት አቀማመጡ ስለሚለያይ፣ በትክክለኛው ኮድ የተቀየጠ ቀለም እንኳ ጎን ለጎን ሲታይ ሊጠቁር ወይም ሊነጣ ይችላል። የእኔዋን ሰሌዳ ሄጄ አየሁት፤ 1F7 ነው። ወጣቱ በተጨማሪ መኪናዋ ለዓመታት ፀሐይ ስለ መታት ኮዱ ብቻ እንደማይበቃ፣ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ነቅሎ ቀለም ወደሚቀየጥበት ሱቅ ይዞ መሄድና በፀሐይ ብርሃን እያስተያዩ ማስቀየጥ እንደሚገባ መከረ። ክዳኑ ትንሽ ነው፣ በቀላሉ ይነቀላል፣ የመኪናውን የዛሬ መልክ ደግሞ ይዟል። ይህን የነገረኝ ጋራዥ አልነበረም።

መልስ 21 ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ መኪናዋን ሁሉ ነጭ ማስቀባት ይቀላል የሚል ነበር። መልስ 22 ይህ የማይሆንበትን ምክንያት በአጭሩ አስቀመጠ፦ ቀለሙ ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ለውጡን በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ግድ ነው፤ ወጪውም ከጥገናው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በመልስ 23 የሐይቁ መምህር ተመልሰው፣ ስቱኮ በውሃ እየታሸ ቢስተካከል አቧራ እንደማይኖረው፣ የነርሷ ስጋትም በከፊል እንደሚቃለል ሐሳብ አቀረቡ። ቀቢው በመልስ 24 መምህር፣ በዚህ ላይስ ይቅርታዎን ብሎ ተቃወማቸው። የመኪና ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ የመጠጠው ውሃ በቀለም ከታፈነ በኋላ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ብረቱንም ከሥር ያዝገዋል። ስለዚህ ስቱኮ የሚታሸው በደረቁ ነው፤ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180፣ ከዚያ በ320 ይለሰልሳል፤ ውሃ የሚነካው የመሠረት ቀለም ከለበሰ በኋላ ብቻ ነው። ከስቱኮው ጋር የሚቀየጠው ማድረቂያም ከ2 እስከ 3 በመቶ ሊበልጥ አይገባም፤ ደሴ ይቀዘቅዛል ተብሎ ሲጨመርበት በኋላ በላይኛው ቀለም ላይ ቢጫ እድፍ ሆኖ ብቅ ይላል። መምህሩ ትምህርቱን በደስታ ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ወቅቱና ስፍራው ተነሡ። መልስ 25 ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ እንደሚገኙ፣ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ውስጥ አየሩ ከብርድ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ አስታውሶ፣ የቀለም ሥራ ኮምቦልቻ ወርዶ ማሠራት ይሻላል አለ። ደሴው ቀቢ ይህ ሥራዬን መንጠቅ ነው ብሎ በመልስ 26 ተቆጣ፤ በተዘጋና በሞቀ ክፍል የሚቀባ ሰው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልዩነት እንደሌለው ተከራከረ። ልክ ነው። ነገር ግን ትንንሽ ሥራ የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ቤቶች በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚቀቡ ናቸው፤ በዚያ ሁኔታ በእርጥብ አየር የተረጨ ክሊር ነጣ ብሎ ሊደበዝዝ እንደሚችል ራሱም በመጨረሻ አምኗል። ሁለቱ የተስማሙት በወቅቱ ላይ ነው፦ ከሐምሌና ከነሐሴ መራቅ፣ የበልግ ዝናብ የሚጥልባቸውንም ወራት መጠንቀቅ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ጊዜ መጠቀም።

መልስ 27 ስለ ውል ነው፤ የሰጠው የሚኒባሱ ባለቤት ነው። የላሜራው፣ የቀለሙና የዕቃው ዋጋ ለየብቻ በወረቀት ይጻፍ፤ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ይግዛ፤ ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ፤ ላሜራው ተቃንቶ ስቱኮ ከመነካቱ በፊት ባለቤቱ መጥቶ ብረቱን በዓይኑ ይይ። የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ከስቱኮ በኋላ ማንም ምንም ማየት አይችልምና። የኮምቦልቻው ባትላሜራ በመልስ 28 ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ሊፈራ እንደማይገባው ጻፉ።

በመልስ 29 ከምክሮቹ ተነሥቼ ያደረግሁትን አሳወቅሁ። ላይ ላዩን የነበረው ጭረት በኮምፓውንድ ታሽቶ ከቅርብ ካልታየ በቀር ጠፍቷል። ፓራውልቱ ያው ምልክት ካለበት አሮጌ ፓራውልት በተወሰደ ቁራጭ ተበይዷል፤ ስፌቱ ከውጭ ይታያል፣ ግን ጠንካራ ነው። ብረቱ የታየበትን ጫፍ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሽቼ፣ በቲነር ጠርጌ፣ ከደረቀ በኋላ ኢፖክሲ የሚባለውን የመሠረት ቀለም በትንሽ ብሩሽ ቀብቼዋለሁ። ተራው የመሠረት ቀለም ውሃ እንደሚያሳልፍ፣ ለብቻው ክረምት እንደማይሻገር ያስጠነቀቁኝ ባትላሜራው ናቸው። በሩንና የፓራፋንጎውን ቀለም በጥቅምት ለማሠራት ኮምቦልቻ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ያልተቋጨው የክሊሩ ነገር ነው። የኮሮላ የኋላ ፓራፋንጎ እስከ ጣሪያው ድረስ የሚታይ መገጣጠሚያ ሳይኖረው የተያያዘ ስለሆነ፣ ክሊሩ የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ደሴው ቀቢ በመልስ 30 ከመስኮቱ ጎን ባለው የምሰሶው ቀጭን ስፍራ ላይ በቲነር አቅጥኖ ማስቆም እንደሚቻልና ወጪውን በግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራል። ባትላሜራው ደግሞ በመልስ 31፣ እንዲህ የቆመ ክሊር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዳሩ መላጥ እንደሚጀምር፣ ከተሠራ አይቀር እስከ ጣሪያው ጠርዝ ድረስ መረጨት እንዳለበት ይከራከራሉ። በምሰሶው ላይ አስቁመው ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎች ካላችሁ፣ ዳሩ አሁን ምን እንደሚመስል በቀን ብርሃን አንሥታችሁ ብትልኩልን ከጥቅምት በፊት እንወስናለን።